ሳይፈልግ የተጎተተው ጠላቂ

አንድ ዛጎል ለቃሚ ነበረ። አገሩ ቀይ ባሕር ላይ ካሉት ደሴቶች አንዷ ናት፤ ዝናብ ብዙም የማይጎበኛት፣ ጤፍም ማሽላም የማይበቅልባት ድንጋያማ ቦታ። የደሴቲቱ ሰው የሚያርሰው ባሕሩን ነው። ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም፣ ልጄ፤ ግን አስቀድመሽ የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

ሰውየው ሑመድ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ሁለቱ በአንዲት ጀልባ ይሠሩ ነበር። አንዱ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከባድ ድንጋይ ታቅፎ ይሰጥማል፤ እታች ዛጎሉን ከአለቱ ላይ በቢላዋ እየፈለቀቀ መረቡ ውስጥ ይከታል። ሌላው ጀልባው ላይ ሆኖ የገመዱን ጫፍ ይዞ ይቆጥራል። የታችኛው ገመዱን ነቅነቅ ካደረገ፣ ወይም ቁጥሩ መቶ ከሞላ፣ የላይኛው ይጎትታል። ከሳንባቸው በቀር ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም።

የደሴቲቱ ሽማግሌዎች ለጠላቂ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው። «ደረትህ ሲቃጠል አትፍራ፤ ውጣ እያለህ ነው። ቃጠሎው ጠፍቶ ሲመችህ ያን ጊዜ ፍራ» ይላሉ። ባሕር ሰውን የሚወስደው አስጨንቆ ብቻ አይደለም፤ አባብሎም ይወስዳል።

አንድ ቀን ታላቅየው፣ መቶ ሲሞላ፣ ወንድሙን ጎተተው። ሑመድ ባዶ መረብ ይዞ ወጣና ተቆጣ።

«ትልቁን ዛጎል ልፈለቅቀው ነበር እኮ! ጥቂት ብትታገሠኝ ምን ነበረበት?»

«መቶ ሞላ።»

«ፍርሃት ነው የሚያስቆጥርህ። ከእንግዲህ እኔ ሳልነቀንቀው እንዳትጎትተኝ።»

ታላቅየው ጭቅጭቅ የማይወድ ሰው ነበርና «እሺ» አለ። ይህቺ «እሺ» ናት ኋላ ዕድሜ ልኩን የበላችው።

ሑመድ ቶሎ ቶሎ አየር ሳበና፣ በቅጡ ሳያርፍ፣ ተመልሶ ሰጠመ። ታላቅየው ቆጠረ። መቶ ሞላ። ገመዱ ዝም አለ። መቶ ሃያ ሆነ። ቃል ገብቻለሁ ብሎ ታገሠ። መቶ አርባ ላይ ልቡ አልችል አለውና በሙሉ ኃይሉ ሳበ። ገመዱ ቀለለው። ጫፉ ተፈትቶ፣ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ባዶውን መጣ። ሑመድ አለቱ ሥር ገብቶ ያቺን ዛጎል ለማውጣት ገመዱን በገዛ እጁ ፈትቶት ነበር።

ታላቅየው ዘሎ ገባ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲወጣ ሲገባ ዋለ። ወንድሙን አላገኘውም፤ ከሥር የሚሄደው ውሃ ወስዶታል። የደሴቲቱ ወንዶች በጀልባ ሦስት ቀን ፈለጉ። በአራተኛው ቀን ሬሳው በሌለበት ተሰገደለት፣ ዱዓ ተደረገለት፤ ሰውም ወደየሥራው ተመለሰ።

እሱ ግን አልተመለሰም። በየማለዳው ብቻውን እየቀዘፈ ወደዚያው ቦታ ይሄዳል፤ ገመድ ሳያስር ይጠልቃል። «አጥንቱን እንኳ አግኝቼ አፈር ላልብሰው» ይላል። ሲከለክሉት፣ «እሺ ያልኩት እኔ እንጂ እናንተ አይደላችሁም» ብሎ ያልፋቸዋል። በወሩ ዓይኑ ደም መሰለ፤ ጆሮው መግል ያፈስስ ጀመር። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ስታናግረው ከሩቅ እንደሚጠሩት ሰው ዘግይቶ ነው ቀና የሚለው። ቤት ሲገባ ልጆቹ፣ እንግዳ እንደመጣባቸው፣ ጨዋታቸውን ያቆማሉ።

ለማንም ያልተናገረው ነገር ደግሞ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ እታች ሲደርስ አንጀቱ ይቃጠል ነበር። እየዋለ እያደረ ግን የሚቀለው እታች ሲሆን ብቻ ሆነ። ጸጥታው ተስማማው። የከበደው ላይኛው ነው፤ የሰው ድምፅ፣ የእሳት ጭስ፣ «እንዴት ዋልክ» የሚለው ሰላምታ።

የሑመድ ሚስት ዘህራ ትባላለች። አንድ ማለዳ ሰውየው ወደ ጀልባው ሲወርድ፣ ጥቅል ገመድ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ውስጡ ተቀምጣ አገኛት።

«ውረጂ» አላት።

«አልወርድም። የምትፈልገው ባሌን ነው፤ እኔም እፈልገዋለሁ። ይህን ወገብህ ላይ እሰረው።»

ሰውየው ገመዱን ተቀበላትና ታሰረ። ቦታው ሲደርሱ ድንጋዩን አቅፎ ሰጠመ።

እታች፣ ከአለቱ ሥር ባለ ስንጥቅ ውስጥ፣ አንድ ነጭ ነገር አየ። እጁን ሰደደ፤ አልደረሰበትም። ትከሻውን አስገባ። ደረቱ ተቃጠለ፤ ችላ አለው። ጥቂት ቆይቶ ቃጠሎው ጠፋና፣ ሞቅ ያለ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ምቾት መጣበት። ሑመድ እዚያው አጠገቡ ያለ መሰለው። ወደ ኋላ የያዘው ገመዱ ብቻ ነው። ጣቶቹን ወደ ቋጠሮው ሰደደ።

ያን ጊዜ ዘህራ ጎተተች። እሱ አልነቀነቀም፤ እሷም ምልክት አልጠበቀችም። እግሯን ጀልባው ጠርዝ ላይ ተክላ፣ ገመዱ መዳፏን እስኪልጠው ሳበች። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል፤ ትንፋሽ የለውም። ብብቱን ይዛ ጀልባው ላይ አወጣችውና ደረቱን በጡጫ ደጋግማ መታችው። ውሃና ደም ተፍቶ ተነፈሰ።

የመጀመሪያ ቃሉ እርግማን ነበር።

«ላገኘው ነበር! ደርሼበት ነበር! ምን ቆርጦሽ ነው የሳብሽኝ? አንቺ አላዘንሽለትም እንዴ?»

ዘህራ እጇን ባሕሩ ውስጥ ነከረችው፤ ጨው ውሃው ቁስሏን ሲነካው ጥርሷን ነከሰች።

«እታች ያለው የኔ ባል ነው» አለችው ኋላ። «ከአንተ ያነሰ የማለቅስለት መሰለህ? ቢቻለኝ እሱን በጎተትኩት። ገመዱ ጫፍ ላይ የቀረኸው ግን አንተ ነህ።»

ሰውየው ከወንድሙ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው ያኔ ነው። ጀልባው ወለል ላይ እንደተጋደመ፣ ድምፁን አውጥቶ፣ ሳያፍር አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ከዚያ በደማው እጇ መቅዘፊያውን ያዘችና መለሰችው።

ልጄ፣ ይህ ሰው ተጽናና ብዬ አልዋሽሽም። የሑመድ አጥንት ሳይገኝ ቀረ። ያ ነጭ ነገር ምን እንደነበረም አልታወቀ፤ ዛጎልም ሊሆን ይችላል። የሰውየው አንድ ጆሮ ደንቁሮ ቀረ፤ ዳግመኛም አልጠለቀም። «ምነው ያኔ እሺ ማለቴ» እያለ እንደቆጨው ሞተ። ነገር ግን እስኪሞት ኖረ። ከሚስቱ ጋር ይበላ ነበር፤ ልጆቹን ዳረ፤ ለሌሎች ጠላቂዎች ገመድ እየያዘ ይቆጥር ነበር። መቶ ሲሞላ ይጎትታል። ወጥተው ይሰድቡታል፤ በነጋታው፣ መቶ ሲሞላ፣ ይጎትታቸዋል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። «እኅቴን ከቀበርን ዓመት ሆነን፤ በየቀኑ መቃብሯ ላይ እውላለሁ፤ እናቴ ግን እየመጣች እጄን ይዛ ትጎትተኛለች፤ ሐዘኔን ምን አደረገችው? የሞተችው እሷ የወለደቻት አይደለችም እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ሐዘን እንደዚያ ባሕር ነው። አትግቢበት አልልሽም፤ ሰው የወደደ ሁሉ ይገባበታል፤ እኔም ገብቼ አውቀዋለሁ። አምና ስትጮኺ፣ ደረትሽን ስትደቂ፣ አልፈራሁልሽም። የፈራሁልሽ ዛሬ ነው፤ ፊትሽ ላይ እንባ ሳይኖር፣ «የሚመቸኝ እዚያ ስሆን ብቻ ነው» ስትዪኝ። እናትሽ ደግሞ ያላዘነች አይምሰልሽ። አንዷን ባሕሩ ወስዶባታል፤ ሁለተኛዋ ገና ገመዱ ላይ ናት። እጇን አይተሽው ታውቂያለሽ?

ደጅ ቆማ እየጠበቀችሽ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሂጂና አብረሻት ብዪ።