ሃምሳ አራት ጠርሙስ አተር

«እኔ ያስተማርኩትን ልጅ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት እንኳን ይመልሳል!»

እንዲህ የምትል አንዲት ሴት ነበረች። መምህርት ናት፤ እታፈራሁ ትባላለች፤ ሦስተኛ «ለ»ን ታስተምራለች። ደግሞ ውሸቷን አይደለም። «ዘር ለመብቀል ምን ያስፈልገዋል?» ስትል ሃምሳ አራት ልጅ እጁን አጣጥፎ «ውሃ! አየር! ሙቀት!» ይላል። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳይፈልግ ይማራል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እታፈራሁ በዕድሜዋ ስንት ዘር ዘርታ ታውቃለች? አንድም! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ዘር አስተማረች፤ ጥፍሯ ውስጥ ግን አፈር ገብቶ አያውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ አቶ ገበየሁ ትልቅ ሳጥን አሸክመው መጡ። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ከእንግዲህ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ ይማሩ ተባለ። ሳጥኑ ውስጥ ሚዛን አለ፣ ማግኔት አለ፣ አጉሊ መነጽር አለ፣ የውሃ ቀለም አለ፤ ትንሽ ከበሮ ሳትቀር አለች። የመጀመሪያው ሥራ አተር ማብቀል ነው። ልጆቹ ይዘሩታል፤ ሲያድግ በማስመሪያ ይለኩታል፤ ይሥሉታል፤ ድሮ እዚህ አካባቢ ማን አተር ያመርት እንደነበር ትልልቅ ሰዎችን ጠይቀው ይጽፋሉ፤ መዝሙርም ያወጡለታል። አያችሁ? ከአንዲት ፍሬ አተር ሳይንሱም፣ ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ዜማውም!

«በወላጆች ቀን እናያለን» አሉ አቶ ገበየሁ። «አንድ ወር አላችሁ። ካልሠራችሁበት፣ ሳጥኑን የሚፈልግ ትምህርት ቤት ሞልቷል።»

እታፈራሁ ምን አደረገች? ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። «ይሰብሩታል» አለች። ዘሩንስ? «ክፍሉን ያቆሽሹታል፤ እኔው እዘራዋለሁ» አለች። የሃምሳ አራት ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ቆረጠች፤ አፈር ሞላችባቸው፤ ከዚያ ሱቅ ሄደች።

ባለሱቁ ሁለት ጆንያ ከፍቶ አሳያት። አንዱ ውስጥ ድፍን አተር አለ፤ አቧራ፣ ገለባና ጠጠር ተቀላቅሎበታል። ሌላው ውስጥ ያለው ደግሞ ቢጫ፣ የተፈተገ፣ ሲያዩት ደስ የሚል።

«ንፁሁን ስጠኝ» አለች።

«ለስንት ሰው ነው?»

«ለሃምሳ አራት።»

«ውይ! ድግስ አለ እንዴ?»

«ትምህርት ነው!» ብላው ተቆጥታ ወጣች።

በማግስቱ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው እያዩ እሷ ዘራች። ከሦስተኛው ረድፍ ዙፋን የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እሱ እኮ...»

«እጅ ወደ ታች! መጀመሪያ ይብቀል፤ ጥያቄ በኋላ!»

አንድ ሳምንት ሆነ። ምንም። ሁለት ሳምንት። ምንም! ውሃ ጨመረች። ለአየር ብላ መስኮት ከፈተች። ለሙቀት ብላ ፀሐይ ላይ አወጣች። ልጆቹ በየጠዋቱ ጠርሙሶቹ ፊት ተሰልፈው «ውሃ! አየር! ሙቀት!» ይላሉ። አተሩ ጆሮ የለው! የመጣው ሽታ ብቻ ነው፤ ክዳኑ ሳይከፈት ሦስት ቀን ያደረ ድስት ዓይነት።

አቶ ገበየሁ አፍንጫቸውን ይዘው ገቡ። «መምህርት፣ የወላጆች ቀን ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። እኔ ለወላጅ የሚሸት አፈር አላሳይም። ሳጥኑን ለማስረከብ ተዘጋጂ።»

ወጡ።  ልጆቹ የተቆለፈውን ቁም ሳጥን ያያሉ። ከበሮዋን አንድ ቀን እንኳን አልመቷትም እኮ! እታፈራሁ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ስንት ዓመት ሙሉ እሷ ስትጠይቅ ሌላው ሲመልስ ኖሮ፣ አሁን መልሱን የማታውቀው ጥያቄ መጣባት።

«ዙፋን» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀን ምን ልትዪ ነበር?»

ዙፋን ተነሥታ ጣቷን ጠርሙሱ ውስጥ ከተተች። አንዲት የበሰበሰች ቢጫ ግማሽ ይዛ ወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ክክ ነው። ለወጥ ነው። ለሁለት ተከፍሏል፤ አይበቅልም።»

 ሃምሳ ሦስት ልጅ በሳቅ ፈነዳ።

እስቲ ንገሩኝ፤ እታፈራሁ ክክ አታውቅም? ታውቃለች እንጂ! ስንቴ ቀቅላዋለች! ግን የኩሽናው እውቀቷ ኩሽና፣ የክፍሉ እውቀቷ ክፍል ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ሰላም ተባብለው አያውቁም።

ልትቆጣ ትችል ነበር። ፊቷም ቀልቶ ነበር። ግን ጠርሙሱን አየች፣ የዙፋንን ጭቃ ጣት አየች፤ ሳቋ አመለጣት። ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣችና «እንቺ፣ ክፈቺው» አለቻት።

በማግስቱ ሁሉም ከየቤቱ ድፍን አተር ይዞ መጣ፤ በወረቀት የጠቀለለ አለ፣ በካልሲ የቋጠረ አለ፤ እያንዳንዱም በገዛ እጁ ዘራ። ወለሉ ጭቃ፣ ዩኒፎርሙ ጭቃ፣ የእታፈራሁም ጥፍር ጭቃ! በሰባተኛው ቀን ጠዋት አንዱ «ወጣ! ቲቸር ወጣ!» ብሎ ጮኸ። አፈር ተሸክሞ አንገቱን የደፋ አረንጓዴ ነገር። ግማሽ ሴንቲ ሜትር! ለመለካት ተጋፉ። ከበሮዋም በዚያው ቀን ተመታች፤ ጎረቤት ክፍሎች ልጆቹን ለአቶ ገበየሁ ከሰሱ።

እናንተስ? ልብሳችሁን ተኩሳችሁ ስብከት ልትሰሙ እዚህ የተቀመጣችሁ?

ስለ ፍቅር ጥቅስ በቃላችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። እሰይ! ሁላችሁም። አሁን ደግሞ፣ በሩ ጋ ለቆሙት እናት ወንበር የለቀቃችሁ እጃችሁን አውጡ።

ምነው? እጅ ከበደ?

ንፁህ ነን። ተፈትገናል። እናምራለን። ግን እንበቅላለን? ድፍኑ አተር አቧራ ነበረው፤ ሕይወትም ነበረው። ያስቀየማችሁት ሰው ቤት ሄዳችሁ በር ማንኳኳት አቧራ አለው። የታመመች ጎረቤት አንሶላ ማጠብ እጅ ያቆሽሻል። ይቆሽሽ! «ጊዜው አለፈኝ» አትበሉ። እታፈራሁም ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የቀራት። ጠርሙሱም አፈሩም አለ። ቁልፉ ያለው ደግሞ እናንተው ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሲበቅል ግን አደራ፣ «እኔ ነኝ!» ብላችሁ ፊት እንዳትወጡ። እታፈራሁ ወጥታ ነበር። የወላጆች ቀን፣ ሃምሳ አራት አረንጓዴ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ አቶ ገበየሁ «ሳጥኑ እዚሁ ይቀመጣል» ብለው፣ ወላጅ ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ የድሮው አመሏ መጣባት። ደረቷን ነፋ አድርጋ መሐል ቆመች።

«አያችሁ ወላጆች! እኔ ያስተማርኩት ልጅ ከእንቅልፉ...»

ዙፋን ከበሮዋን እንዳቀፈች ቀና አለች።

«ቲቸር፣ እርስዎ የዘሩት ግን እስካሁን አልበቀለም።»