ወደፊት የመጣው ሐኪም

ይርዳው የሚባል ተማሪ የእንግሊዝኛ መምህሩን «‹ካት› መቁረጥ ነው፤ ‹ሾርት› አጭር ነው። ሁለቱንም እያወቅሁ አብረው ሲመጡ ይጠፉብኛል። ጠይቅ ይሉኛል፤ የማውቀውን ቃል እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ?» አላቸው። መምህሩም እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ። እናቱ ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው በእሱ እጅ እየተመራች ትኖር ነበር። አንድ የውጭ አገር የዓይን ሐኪም ከፋሲካ በኋላ ወደ ከተማቸው መጥቶ ሊያክማት ቀጠሮ ያዘላት።

ገና በጾሙ መካከል ሐኪሙ ደወለ። ስለ ጉዞው ሲናገር «ብሮት ፎርዋርድ» አለ። ባለ ወፍጮው «ፎርዋርድ»ን ያውቃል፤ ወደፊት ማለት ነው። ወደፊት ደግሞ ገና ነው። «ኦኬ፣ ኦኬ» ብሎ ስልኩን ዘጋና እናቱን «ተራዝሟል» አላት። እሷም አዝና ገጠር ወዳለችው ልጇ ዘንድ ሄደች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐኪሙ እንደገና ደወለ። አሁን ደግሞ «ካት ሾርት» የሚል ነገር ተናገረ። ሰውየው ግራ ገባው። አቋራጭ ይዞ እየመጣ ነው ማለት ነው? ቀኑን ያራዘመ ሰው ስለ ምን መንገዱን ያሳጥራል? አሁንም «ኦኬ» አለ። ደጅ ወጥቶ አቋራጩን መንገድ ሲመለከት ዋለ፤ የሚመጣ የለም። ልቡ አላርፍ ሲለው መልሶ ደወለና «አልገባኝም» አለ፣ በአማርኛ።

ሐኪሙ ስልኩን ለሾፌሩ ሰጠው።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ‹ብሮት ፎርዋርድ› እንዳለዎት ቀኑን አስቀድሞ ከመጣ ሰነበተ፤ እናትዎን ሲጠብቅ ነበር። አሁን ደግሞ ‹ካት ሾርት› እንዳለዎት ቆይታውን አሳጥሮ ነገ ሊሄድ ነው። የት አሉ?» አለው ሾፌሩ።

ባለ ወፍጮው ባጃጅ ተኮናትሮ ወደ ገጠር ገሰገሰ። እናቱን ይዞ ሲደርስ ሐኪሙ ሻንጣውን ዘግቶ ነበር። መሣሪያውን መልሶ አውጥቶ አከማት፤ ጊዜው የበቃው ግን ለአንድ ዓይኗ ብቻ ነው።

ፋሻው ሲፈታላት ልጇን ትክ ብላ አየችውና «ሸብተሃል ልጄ» አለችው። እሱ ግን የሚያየው ያልታከመውን ዓይኗን ነበር።

መምህሩ ወደ ይርዳው ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ባልን ለብቻው፣ ሚስትንም ለብቻዋ ብታውቅ ጎጇቸውን አወቅህ አይባልም። ቃልም ሲጋባ የራሱን ቤት ይሠራል። ያ ሰው ቃል አላነሰውም፤ ‹አልገባኝም› ማለት ዘገየበት እንጂ። የማታውቀውንማ ማንም ሳይነግርህ ትጠይቃለህ። ያወቅኸው የመሰለህን ጠይቅ።»