ያልተመታው የመዝጊያ ምት

በአንድ ወቅት ብዬ ብጀምር ያለፈ ነገር ይመስላችኋል። አላለፈም። ሰባት ዓመት ሙሉ አንጀቴን ሲያሳርረው የኖረ ነገር ነው። የመንደሬን ሰው ጠይቄ ጠይቄ ሰልችቶኛል፤ እናንተ እንግዶች ናችሁ፣ ከማንም ጋር አትዛመዱም። እስቲ ስሙኝና ፍረዱ።

ይህ የምታዩት ተራራ ሆዱ ውስጥ ዘንዶ አለ። ዋሻውን የዘጋው የብረት በር ነው፤ በሩ ከላይና ከታች ሁለት መቀርቀሪያ አለው። ያንን ብረት ተራ መዶሻ አይበግረውም። የሚቀጠቅጠው ሰማይ ወረድ ብቻ ነው፤ አማልክት ለአያቶቻችን የጣሉላቸው መዶሻ።

ሰማይ ወረድ አንድ ጌታ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላ ሰው ላንሳህ ቢለው ንቅንቅ አይልም። ጌታው ሲሞት ግን ሦስት ቀን ለሁሉም እጅ ይቀላል። በእነዚያ ቀናት አንድ ሥራ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ሠሪው ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ ባዶውን አንዴ ይመታዋል። የመዝጊያ ምት እንለዋለን። ያንን የመታ ሰው የመዶሻው ጌታ ይሆናል። እኔ ፈንቴ የመስፉ ጠባቂ ነኝ፤ ሥራዬም አንዲት ናት፤ ሥራው ሲያልቅ «ዝጋ!» ብሎ መጮህ። ይቺ ከባድ ሥራ ናት? አይደለችም።

የመጨረሻው ጌታ አንጥረኛው አበጋዝ ነበር። እሱ በተቀበረ ዕለት የላይኛው መቀርቀሪያ ተሰበረ። ዘንዶውን የያዘው ታችኛው ብቻ ሆኖ ቀረ። የአበጋዝ ሦስት ልጆች እንባቸውን ሳያብሱ ወደ እሳቱ ገቡ።

ሴቷ ትርንጎ ወናፍ ያዘች። የዚያ በር ብረት እንደ ወተት እስኪነጣ ካልጋለ አይታጠፍም፤ የንጣቱን ልክ ከአባቷ ቀጥሎ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። በሁለተኛው ቀን ከሰል አለቀ። ትርንጎ ምክር አልጠየቀችም። እጮኛዋ የሠራላትን አዲስ ቤት ምሰሶ አስነቅላ እሳቱ ውስጥ ጨመረችው። እጮኛዋም ተቀይሞ ሄደ፣ አልተመለሰም። ሦስት ቀን ስትምገው የከረመችው ጭስ ዛሬም ደረቷ ውስጥ አለ፤ ሁለት ቃል ተናግራ ሦስቴ ትስላለች።

ትልቁ ደምስ ጉጠት ያዘ። በእኛ ሙያ አዛዡ ጉጠት የያዘው ነው። በትንሿ መዶሻ «እዚህ ጋ» ብሎ ይነካል፣ መቺው የተነካውን ይመታል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጉጠቱ በግለቱ ቀለጠ። ብረቱ ከወደቀ የተለፋው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ደምስ ግራ እጁን በእርጥብ ቆዳ ጠቅልሎ ብረቱን ያዘው፣ አልለቀቀውምም። ከዚያ እጅ ዛሬ የቀረው አውራ ጣቱ ብቻ ነው።

ታናሹን ጓንጉልን፣ እውነቱን ልናገርና፣ አልወደውም ነበር። ሰው አንጥረኛን ሲንቅ ሰምቶ በአባቱ ሙያ አፍሮ፣ ቆላ ወርዶ የኖረ ልጅ ነው። የመጣው ለቀብር ነው። ነገር ግን ሰማይ ወረድን ሦስት ቀን ያነሳና የጣለ እሱ ነው። የቀኝ ትከሻው ውልቅ ሲል በግራው ቀጠለ፤ ደምስ የነካውን ቦታ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። ቆሜ ያየሁትን አልክድም።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መቀርቀሪያው አለቀ። ልክ ያኔ ዘንዶው ተነፈሰ። በሩ ተንቀጠቀጠ፣ በስንጥቁ ነበልባል ወጣ። ልጆቹ የጋለውን መቀርቀሪያ ለሦስት ተሸክመው ሮጡ፤ ሰኩት፣ በሩም ጸና። እኔስ? እኔማ እግሬ አውጪኝ ብዬ ሸሸሁ። ስመለስ ፀሐይ ጠልቃለች፤ ሰማይ ወረድም መስፉ ላይ ተጋድሞ ንቅንቅ አይልም። ዝጉ ያላቸው ሰው ስላልነበረ ማንም አልዘጋም።

ምቱ ሲቀር ጌታውን የሚሰይመው የመስፉ ጠባቂ ነው። በትክክል ከሰየምኩ መዶሻው ለዚያ ሰው ይቀላል። ከተሳሳትኩ ወደ ሰማይ ይመለሳል፣ ዳግመኛም አይወርድም። ስለዚህ ሦስቱን ጠርቼ ጠየቅኋቸው።

«መዶሻ የታዘዘውን ነው የሚመታው፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ ደምስ።

«ቀዝቃዛ ብረት ይዘህ ምን ልታዝ ነበር፣ ወንድምዓለም?» አለች ትርንጎ እየሳለች።

«ሁለታችሁም መዶሻውን አልነካችሁትም» አለ ጓንጉል።

«አባባ ታሞ ሲጠራህ አንተ የት ነበርክ?» አለችው።

ጓንጉል ጀርባውን ሰጥቷት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አይባባሉም። በየተራ ያዙት እንዳልላቸው መዶሻው ሁለት ጌታ አያውቅም። ሁለታችሁ ተዉለት ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ እያንዳንዳቸው እነሱ ይተዉ አሉኝ። ሽማግሌዎቹን ባማክር «ቆይ፣ አትቸኩል» ይሉኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ አትቸኩል! ሰው እንዴት በዚህ አያብድም?

ዛሬ ጠዋት በሩን ለማየት ወጣሁ። የታችኛው መቀርቀሪያ ተሰንጥቋል፤ ጣቴን ብከት ይገባል። ዞር ስል ሦስቱም ከኋላዬ ቆመዋል፤ ተጠራርተው አይደለም፣ ሁሉም በየፊናው ነው የመጣው። ትርንጎ ከሰል ተሸክማለች። ደምስ በደህና እጁ አዲስ ጉጠት ይዟል። ጓንጉል ባዶ እጁን ነው፤ የሚይዘው እዚያ መስፉ ላይ ነው ያለው።

«አባ ፈንቴ፣ ማንንም ይሰይሙ፤ እኛ እንሠራለን» አለኝ ደምስ። ሌሎቹም እሺ አሉ፤ ያንን ሁሉ ዓመት ሲኮራረፉ የኖሩት ልጆች በአንድ ቃል ተስማሙ። ይኸው ነው ይበልጥ ያናደደኝ። አሁን ጥፋቱን የማሳብብበት ሰው እንኳ የለኝም።

ነገ ማለዳ መስፉ ፊት ቆሜ አንድ ስም እጠራለሁ። አንዴ ሸሽቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሸሽም። ከተሳሳትኩ ግን ከሰሉም ጉጠቱም ለምንም አይሆንም፤ የላይኛው መቀርቀሪያ ብቻውን አይችልምና በሩ ይከፈታል። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ብረቱን ላነጣችው፣ ብረቱን ለያዘው፣ ወይስ ብረቱን ለመታው? ነገ የማንን ስም ልጥራ?