ሳጅን ንፋና የተኛው ሾፌር

አንድ ቀን የትንፋሽ መለኪያ ተሰጠኝ። ለከተማችን የመጀመሪያው ነበር። ሾፌሩ ጫፉን አፉ ውስጥ አድርጎ ይነፋል፣ መሣሪያው የጠጣውን መጠን በቁጥር ያሳያል፣ ከተፈቀደው ካለፈ ደግሞ ይጮሃል። እኔ የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ማንደፍሮ ስልጠናውን ወስጄ፣ ከመሣሪያው ጋር ፎቶ ተነስቼ ስመለስ ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። ገና አንድ ሰው ሳልይዝበት፣ ስለ ጠጥቶ ማሽከርከር ያላስተማርኩት ሰው ጠፋ። ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ ፀጉር አስተካካዩን ለረጅም ሰዓት አስተምሬው ወጣሁ። እሱ ደግሞ መኪና ቀርቶ ብስክሌት እንኳ የለውም።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ሄጄ ለተማሪዎች ገለጻ እንዳደርግ ተጠየቅኩ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ዳይሬክተሩ ሳይቀር ሜዳው ላይ ተሰልፈው ያዩኛል። ያልጠጣ ሰው ሲነፋበት መሣሪያው ጭጭ እንደሚል ላሳያቸው ብዬ ራሴ ነፋሁ። መሣሪያው ጮኸ። ለካ ጥርሴን አሞኝ ስለነበር ጠዋት የተጉመጠመጥኩበት መድኃኒት አልኮል አለበት። ይህንኑ ላስረዳ ጥርሴን እያሳየሁ ብለፈልፍ ማን ይስማኝ፤ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጅን ማንደፍሮ መባሌ ቀረና ሳጅን ንፋ ሆንኩ። የሚሉኝ ተማሪዎች ብቻ ቢሆኑ ምንም አልነበረም፤ ባለቤቴንም አንዳንዴ ያመልጣታል።

እንግዲህ ስሜን ለማስመለስ አንድ የሰከረ ሾፌር የግድ ያስፈልገኝ ነበር። መንገድ ላይ ቆሜ ያገኘሁትን ሁሉ ማስነፋት ያዝኩ። የከተማችን ሾፌር ያን ሰሞን ምን እንደነካው አላውቅም፣ አንዱም ጠጥቶ አልተገኘም። ሌላ ጊዜ የጤፍ መጋዘን የሚያክል የጭነት መኪና ከጎን ወደ ጎን ሲያማታ የማውቀው ሰው ሳይቀር ውኃ ብቻ የጠጣ ሆኖ ይገኛል። አንዱ እንዲያውም መሣሪያውን ስደቅንበት፣ አነፋፉ ስለማይገባው መጀመሪያ እኔ ነፍቼ እንዳሳየው በትሕትና ለመነኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ቀናኝ። ሠርግ ያለበት ሰፈር ስደርስ የይርዳው ሰማያዊ ላዳ ታክሲ ከድንኳኑ ማዶ ጥግ ይዛ ቆማለች። ይርዳው በሥራው የማይታማ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ደንበኛ ጭኖ ጠብታ እንደማይቀምስ ከተማው ሁሉ ይመሰክርለታል። ያን ቀን ግን የሚዳረው የአጎቱ ልጅ ስለነበር ጠጁን አልማረውም። በመስኮቱ ስመለከት ቁልፉ እንደተሰካ ነው፤ እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል። ከውስጥ የሚወጣው የጠጅ ሽታ እኔኑ ሊያሰክረኝ ምንም አልቀረው።

ትከሻውን ይዤ ቀሰቀስኩት። ዓይኑን ሳይገልጥ ኮንትራት ተይዣለሁ ብሎኝ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ነቅንቄ መሣሪያውን አፉ ላይ ደቀንኩና እንዲነፋ አዘዝኩት፤ ነፋ። መሣሪያው ተንጫጫ፤ ከትምህርት ቤቱም የባሰ ነበር። ደስታዬን አልደብቅም፣ ሰውየውን አቅፌ ልስመው ነበር። ማሽከርከሩንም ማረጋገጥ አለብኝ ብዬ የላዳዋን ኮፈን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ይፋጃል። ሰውየውም ሞቅ ብሎታል፣ መኪናዋም ሞቋታል፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ ብዬ ወደ ጣቢያ ወሰድኩት።

ክሱ ከጸናበት መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። ይርዳው ደግሞ ከላዳዋ ሌላ መተዳደሪያ የለውም፤ ልጆቹንም የታመሙ እናቱንም የምታኖር እሷ ናት። ሚስቱ ጣቢያ ድረስ መጥታ፣ ሰውየው ማንንም እንዳልጎዳ እየነገረች እንድተውላት ለመነችኝ። ሕግ ሕግ ነው ብዬ መለስኳት። አፌ ሕግ ይበል እንጂ በዓይኔ የሚታየኝ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ነበር።

የችሎቱ ዕለት ዩኒፎርሜን አስተኩሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ሥራውን ዘግቶ መጥቷል። ዳኛዋ ወይዘሮ ወይንሸት ችሎት ላይ ፈገግ ሲሉ ያያቸው ሰው የለም። ዐቃቤ ሕጉ ጠጥቶ በማሽከርከር የቀረበውን ክስ አንብቦ ተቀመጠ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ተከሳሹን አዩት።

«ክሱን ሰምተሃል። አጥፍተሃል ወይስ አላጠፋህም?»

«አጥፍቻለሁ፣ ክብርት ዳኛ» አለ ይርዳው።

ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ገና ሳልመሰክርበት በገዛ አፉ አመነ። ወደ ኋላ ዞር ብዬ ታዳሚውን ቃኘሁት፣ በተለይ ፀጉር አስተካካዩን። ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አነሱና ለሥርዓቱ ያህል ጠየቁት።

«ምን እንዳጠፋህ ለፍርድ ቤቱ ተናገር።»

«ሞተሩን።»

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው ዝም አሰኙና፣ ችሎት የቀልድ ቦታ እንዳልሆነ፣ ከደገመው ችሎት በመድፈር እንደሚጠየቅ አስጠነቀቁት። ይርዳው ይቅርታ ጠየቀ። የተናገረው ቀልድ እንዳልሆነ፣ መጠጣቱንም እንደማይክድ፣ እንዲያውም ሲጠጣ የሚያምርበት ሰው እንዳልሆነ ሚስቱ ልትመሰክር እንደምትችል ተናገረ። ያን ቀን ከሠርጉ ወጥቶ ላዳዋ ውስጥ ገባና ሞተሩን አስነሳ። ቀና ሲል የድንኳኑ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሁለት ሆኖ ታየው። ሁለቱም እጅ ነሱት። ለሁለቱም አጸፋውን መልሶ ከጨረሰ በኋላ ነው አንደኛው ትርፍ መሆኑ የገባው። እንዲህ ሆኖ ወደ መንገድ ቢወጣ የሰው ልጅ እንደሚጨርስ አሰበና፣ ላዳዋ ካለችበት ንቅንቅ ሳትል ሞተሩን አጥፍቶ ተኛ።

«እንግዲህ ክብርት ዳኛ፣ ባላጠፋ ኖሮ ነበር ጥፋቱ» አለ።

ቀጥሎ እኔ ለምስክርነት ተጠራሁ። ስለ መሣሪያው አሠራር በሰፊው ልጀምር ስል ዳኛዋ እሱን ከትምህርት ቤቱ እንደሰሙት ነግረው አቋረጡኝ። ከኋላዬ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። መኪናዋ ስደርስ ትንቀሳቀስ እንደነበር ጠየቁኝ። ቆማ ነበር፣ ግን ኮፈኗ ይፋጅ ነበር ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የዳሰሱት?»

«ስምንት ሰዓት ላይ፣ ክብርት ዳኛ።»

«በግንቦት?»

«በግንቦት።»

ያኔ ነው የገባኝ። የዚያን ዕለት ፀሐይ እንኳን ኮፈን፣ ባርኔጣዬ ሥር ያለውን መላጣዬን ልታበስለው ነበር። ዳኛዋ በግንቦት፣ በስምንት ሰዓት፣ ደጅ ቆሞ የማይፋጅ ብረት አይቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየሁም አልኩ። ሞተሩስ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ ሲሉኝ፣ የማልመልስበትን መንገድ ባገኝ ደስ ባለኝ።

«ጠፍቶ ነበር» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

ዳኛዋ ለአፍታ ጻፉ። ከዚያ ነገሩ እሳቸውንም ስለገረማቸው ነው መሰል ወደ ይርዳው ዞሩ።

«ታዲያ ሳጅን ምን ብትበድላቸው ነው የከሰሱህ?»

«እኔም ያልገባኝ እሱ ነው፣ ክብርት ዳኛ» አለ ይርዳው እጁን አጣምሮ። «ሳጅን መንገድ ላይ ባስቆሙኝ ቁጥር፣ ገና ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ‹አጥፋ!› ነው የሚሉኝ። ዕድሜ ልኬን እሳቸው ሲሉኝ አጠፋሁ፣ አልከሰሱኝም። ያን ቀን ሳይሉኝ ባጠፋ ከሰሱኝ።»

ከዚህ በኋላ አዳራሹን ዝም የሚያሰኝ አልተገኘም። ዐቃቤ ሕጉ ፊቱን በመዝገቡ ሸፈነ። ፀጉር አስተካካዩ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደፋ። እኔ ራሴ እንዳልስቅ ከንፈሬን ነክሼ ብይዝም ሆዴ ከቀበቶው በላይ እየተንቀጠቀጠ አሳጣኝ። ፈገግታቸው ታይቶ የማያውቀው ወይዘሮ ወይንሸትም ብርጭቆ አንስተው ውኃ የሚጠጡ መስለው ቆዩ። ብርጭቆው ባዶ ነበር። ሲያስቀምጡት ፊታቸውን ወደ ቦታው መልሰው ነበርና ጉሮሯቸውን ጠርገው ብይኑን አነበቡ።

«ተከሳሹ ማጥፋቱ በራሱ ቃልም በሳጅን ምስክርነትም ስለተረጋገጠ፣ በነፃ ተሰናብቷል።»

ይርዳው አጥፍቶ በነፃ ወጣ፤ እኔም ምንም ሳላጠፋ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኩት።