በግፊ የምትነሳው ስኩተር

አንድ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ስሙ ልሳነወርቅ ይባላል። የሚኖረው መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፣ ዛፎቿ አቧራ የለበሱ አንዲት ሜዳማ ከተማ ውስጥ ነው። ሥራው በየግቢው እየገባ ቆጣሪ ማንበብ ስለሆነ፣ ሰው ጓሮው ጥሎ የረሳውን ነገር ሁሉ እሱ ያውቃል። ሸራ ለብሰው የቆሙ፣ ጎማቸው መሬት የገባ፣ ባለቤቶቻቸው የሞቱባቸው ወይም የሰለቿቸው አሮጌ ስኩተሮችና መኪኖች የት የት እንዳሉ በቃሉ ይዟል። አንዲት ትንሽዬ መኪና ውስጥ ዶሮዎች እንቁላል ሲጥሉ አግኝቷል። በአንዱ ስኩተር የፊት መብራት ውስጥ ደግሞ ተርቦች ቤት ሠርተው ነበር።

ልሳነወርቅ ትዳር አልያዘም። ከሥራ ሲወጣና በየእሑዱ የሚያስደስተው እነዚህን የሞቱ ሞተሮች ማስነሳት ነው። ባለቤቱን ያስፈቅድና እየገፋ ወደ ግቢው ይወስዳቸዋል። ይፈታል፣ በቤንዚን ያጥባል፣ ይገጥማል። ሲነሱለት መልሶ ያስረክባል፤ የሚቀበለው ምርቃት ብቻ ነው። ዶሮዎቹ የነበሩባት መኪና የተነሳች ቀን ግን ባለቤቲቱ አልመረቁትም። ዶሮዎቼ ከእንግዲህ የት ሊጥሉ ነው ብለው ተቆጡት።

አንድ ልማድ ነበረው። መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሞተሩ አጠገብ ዱካ ስቦ ይቀመጥና፣ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ጎደለሽ?» ይላል። ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሰዎች ሲስቁበት፣ ሞተር አይዋሽም ይላቸው ነበር። ቤንዚን ካልደረሰው ያስላል፣ እሳት ካነሰው ይንተባተባል፤ ጆሮ ለሰጠው ሰው የጎደለውን ሳያፍር ይናገራል።

ለራሱ አንዲት ሰማያዊ ስኩተር ነበረችው፤ ከአባቱ የወረሳት። የማስነሻ ፔዳሏ ጥርስ ከመበላቱ የተነሳ ቢረግጧት ቢረግጧት አትነሳም። የሰፈሩ ሰው «ጥርሰ ወላቃዋ» ይላታል። የምትነሳው በግፊ ብቻ ነው። ለግፊ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛዋ ሰው ታናሽ እህቱ ትርንጎ ነበረች። እሱ መሪውን ይዞ ማርሽ ያስገባል፤ እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስርና ከኋላ በሁለት እጇ ትገፋለች። ሞተሩ አንዴ ከያዘ ልሳነወርቅ መቆም አይችልም፤ ከቆመ ይጠፋበታል። ስለዚህ ቀስ ይላል፣ ትርንጎ ሮጣ ትደርስበታለች፣ ዘላ ትቀመጣለች። አንድ ጠዋት ሳትደርስበት ቀረች። እሱ ከጀርባው ያለች መስሎት እስከ ድልድዩ ድረስ ወሬ ሲያጫውታት ሄደ። መልስ ሲያጣ ያኮረፈች መስሎት ይቅርታ ጠየቃት። ዞር ሲል ወንበሩ ባዶ ነው። ትርንጎ ይህን ታሪክ በሰርጓ ቀን ሳይቀር እያወራች ሰው አስቃበታለች።

ከሰርጉ በኋላ ባሏ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ወደሚያስኬድ አገር ወሰዳት። ሰማያዊዋ ስኩተር በረንዳው ሥር ቆመች። ልሳነወርቅ ሌላ ሰው እንዲገፋለት አልጠየቀም።

ዓመታት አለፉ። ለክርስትናም ለለቅሶም እየሄደ ጠይቋታል፤ ግን የሰው ቤት ማጣበብ ስለሚፈራ ከሦስት ቀን በላይ አይቀመጥም። መጀመሪያ በደብዳቤ፣ ኋላ በየእሑዱ በስልክ ይገናኙ ነበር። ትርንጎ ከመሰናበቷ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። «ወንድም ጋሼ፣ ምን ጎደለህ?»

እሱም ሁልጊዜ አንድ መልስ ይመልሳል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለኝም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ለጥቂት ጊዜ ከጆሮው አያነሳውም ነበር። ጎረቤቱ ባለሱቁ አቶ ጓንጉል ይህን ስላየ ሳይተርበው አያልፍም። «ሰው እህቱ ስትናፍቀው ትኬት ይቆርጣል። አንተ ቡሎን ትፈታለህ።»

ልሳነወርቅ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው የትርንጎ ባል አረፈ። አራት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ነበር፤ እያገላበጠች ያስታመመችው እሷ ናት። ልጆቿ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ሴት ልጇ መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ እያለች ትለምናታለች። ትርንጎ ግን መጀመሪያ ወንድሜ ዘንድ አንድ ሳምንት ልቀመጥ፣ የምኖርበትን ከዚያ በኋላ እወስናለሁ አለች።

ልሳነወርቅ ይህን የሰማው በስልክ ነበር። እንድትቀርለት ፈለገ። በሕይወቱ እንደዚያ አጥብቆ የፈለገው ነገር አልነበረም። ግን እንዴት ብሎ ይጠይቃት? አራት ዓመት በሽተኛ ስታነሳ ስትጥል የኖረች ሴት፣ አሁን ደግሞ የሚያረጅ ወንድም ነይልኝ ቢላት አስታማሚ የሚፈልግ አይመስላትም? ስለዚህ በልቡ አንድ ነገር ቆረጠ። ምንም እንደማያስቸግራት በዓይኗ ታያለች፤ ያኔ ደስ ብሏት ትቀራለች።

የድሮ ክፍሏን ኖራ ቀባ። የግቢውን ቧንቧ አደሰ። ምስር ወጥ መሥራት ተማረ፤ አቶ ጓንጉል ቀምሶ ሁለተኛ ጨመረ። በዚያው ወር አንድ ወፍጮ ቤት ቆጣሪ ሊያነብ ገብቶ፣ ከጆንያዎች ጀርባ የሰማያዊዋን ዓይነት ስኩተር ወድቃ አገኘ። ሁለመናዋ ዝጓል፤ የፔዳሏ ጥርስ ግን አንድም አልተነካም። ልሳነወርቅ ይህን ዕቃ መፈለግ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ለምኖ ወሰደው፣ ገጠመው፣ ረገጠ። ሰማያዊዋ ስኩተር በአንድ ርግጫ ተነሳች። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አቶ ጓንጉል ድምፁን ሰምቶ ከሱቁ ወጣና «እንኳን ጥርስ አወጣች፤ በል ሥጋ ግዛላት» አለው።

ትርንጎ እሑድ ማታ ገባች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ሳቋ ግን ያው ነው። በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ሥር ስኩተሯን ስታይ እንደ ልጅ እጇን አጨበጨበች። እስከ ድልድዩ እንሂድ አለችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ወደ ኋላ ዞረች፣ ሁለት እጇን ወንበሩ ጀርባ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

ልሳነወርቅ ፊቱን ወደ መሪው አዙሮ ስለነበር አላያትም። አንዴ ረገጠ። ሞተሩ ተነሳ።

«አየሽ?» አላት በኩራት። «አሁን ማንንም አላስቸግርም።»

ትርንጎ እጇን ቀስ ብላ አነሳች። ለጥቂት ጊዜ መዳፎቿን አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች።

«ጥሩ ነው። እንኳን ደስ ያለህ» አለችው።

እስከ ድልድዩ ሄዱ፤ ከኋላው ተቀምጣ ብዙም አላወራችም። በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሰበብ እየፈለገች ጠየቀችው። ልብስ ማን ያጥብልሃል አለችው፤ ራሴ አለ። ቢያምህ ማን ያይሃል አለችው፤ ጓንጉል አጠገቤ ነው አለ። አርብ ማታ እራት ላይ፣ ብቻውን መብላት አይከብደውም ወይ ብላ ጠየቀችው። ልሳነወርቅ ያነሳውን ጉርሻ መለሰ። ቅሪልኝ የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣ። ግን የለመደው ቀደመው። «ለምጄዋለሁ፤ ምንም አልጎደለኝም» አላት። ትርንጎ ሳህኑን አነሳችና ለልጇ ልትደውል ወጣች።

እሑድ ጠዋት መነኻሪያ ሸኛት። ሻንጣዋ አውቶቡሱ ላይ ከተጫነ በኋላ መሬት መሬት እያየ ቆመ።

«ክፍልሽን ኖራ ቀብቼው ነበር» አለ።

«አይቻለሁ፤ ቆንጆ ሆኗል። ለእንግዳ ይሆንሃል።»

«ለእንግዳ አልነበረም።»

ትርንጎ ዞር ብላ አየችው። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አለችው። እሱም እየተንተባተበ አስረዳት፤ ቧንቧውን፣ ምስሩን፣ የፔዳሉን ጥርስ፣ ሁሉን ያደረገው እንድትቀር ብሎ እንደሆነ፣ ሸክም እንዳይሆንባት ፈርቶ እንደሆነ ነገራት።

«ወንድም ጋሼ» አለችው፣ «እኔ እኮ የመጣሁት ማን ይጦረኛል ብዬ አይደለም። ማንን እጠቅማለሁ ብዬ ነው። ልጄ፣ እማዬ ሕፃኑን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ፣ ድረሺልኝ አለችኝ። አንተ ጋ መጣሁ፤ ውኃው ይወርዳል፣ ወጡ ይበስላል፣ ስኩተሯ እንኳ ብቻዋን ትነሳለች። እጄን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ።»

«አንቺ ነበርሽ የጎደልሽኝ» አለ።

«በየደብዳቤው ጠየቅሁህ፣ በየእሑዱ ጠየቅሁህ፣ አርብ ማታ ጠየቅሁህ። እኔ እንዳንተ መካኒክ አይደለሁም፤ ድምፅ ሰምቼ የጎደለውን አላውቅም።»

ረዳቱ ተሳፋሪ እየተጣራ ነው። ትርንጎ የወንድሟን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። ለልጇ ቃል እንደሰጠች፣ ልጇም ክፍል አስለቅቃ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እየጠበቀቻት እንደሆነ ነገረችው። ይህን አርብ ማታ ብትለኝ ኖሮ አለች፤ አልጨረሰችውም። ተሳሳሙና ገባች።

ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ልሳነወርቅ የከተማውን ሞተር ሁሉ ሲያስነሳ የኖረ ሰው ነው። ያን ጠዋት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሞተር እንዳይነሳ ተመኘ። ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፤ ሳል ቢኖረው፣ ቢንተባተብ፣ አንድ ነገር ቢጎድለው ብሎ። ምንም አልጎደለውም። ሞተሩ በአንዴ ያዘ፣ አውቶቡሱም ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ ትርንጎ ከልጇ ቤት ደወለች። ስለ ሕፃኑ አወራችው፣ ስለ አየሩ አወራችው። መሰናበቻው ሲደርስ እንደ ልማዷ ጠየቀችው፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፅዋ ፈራ ተባ ይል ነበር። ልሳነወርቅ የለመደውን መልስ ተወው። እራት ለብቻው ሲበላ ጉሮሮው እንደማይከፈትለት ነገራት። ጉልበቱን ማታ ማታ እንደሚያመው ነገራት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከጆሮው እንደማያነሳው ነገራት። ትርንጎ አላቋረጠችውም። ያን ቀን የስልካቸው ባትሪ እስኪያልቅ አወሩ፤ ግን በመካከላቸው አሁንም የሁለት ቀን መንገድ ነበር።

«ምንም አልጎደለኝም» ማለት በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። የሚወደንን ሰው እንዳናሳስብ ብለን እንለዋለን፤ ፈጣሪን ማመስገንም ይመስለናል። ማመስገኑ መልካም ነው። ነገር ግን የሚወደን ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ቀዳዳችንን ሁሉ ደፍነን፣ ጥርሳችንን ሁሉ አስተካክለን ብቻችንን ስንነሳ ካየ፣ እዚህ አላስፈልግም ብሎ ወደሚጠራው ሰው ይሄዳል። ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ሞተር የጎደለውን ለማያውቀው መንገደኛ እንኳ ይናገራል፤ ሰው ግን ጉድለቱን አጥብቆ የሚደብቀው በጣም ከሚናፍቀው ሰው ነው።

እርስዎን በቅርቡ «ምን ጎደለህ፣ ምን ጎደለሽ» ብሎ የጠየቀዎት ማን ነበር? የመለሱለትስ እውነቱን ነው?