ለደብሪቱ ይሰጣ

እኔ የሰማሁት ከሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌውም የሰማው ከሽማግሌ። ውሸት ካለበት በእነሱ ይሁን።

በዚያ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር፣ ደብሪቱ የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት ይርሳው የሚባል አንድ ወንድም ብቻ። የሰው ልብስ ትሰበስባለች፣ ሣር ላይ ትዘረጋለች፣ እንዶዷን ትወቅጣለች። ኑሮዋ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን እንዶድ ወቅጣ ቀና ብትል፣ የባላምባራስ ተድላን ሱሪ ጉንዳን ወሮታል። የሌላው ሰው ልብስ አጠገቡ ተዘርግቷል፤ አንድም የለበት። አራገፈችው፤ ተመልሰው መጡ። ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ተከትለው መጡ። ምን ጉድ ነው ብላ ግራ ገባት። ባላምባራስ በዚያ ሰሞን ውሃ ጠጥተው አይረኩም፤ ሽንት ያመላልሳቸዋል፤ ሰውነታቸው አልቋል። የመንደሩ ደም አውጪ ጓንጉል ምላጩንና ቀንዱን ይዞ መጣ። በጣ፤ ደም አወጣ። የተበጣው አልድን አለ፤ ባላምባራስ ሞቱ።

ዓመት አለፈ። ጉንዳኑ በጠጅ ጣይዋ በአትጠገብ ቀሚስ ላይ ወጣ። ደብሪቱ እፎይ አለች፤ ጠጅ ጣይ አይደለች፣ ማር ነክቷት ነው ብላ። ኧረ ማር የሚነካው እጅጌን ነው! ጉንዳኑ እጅጌውን ትቶ የሄደው ወደ ታችኛው ጫፍ ነው። አሁንም ግራ ገባት። አትጠገብም ውሃ ጠጥታ አትረካም ነበር። ጓንጉል መጣ፤ በጣ፤ ደም አወጣ። የተበጣው አልድን አለ፤ እሷም ሞተች። ደብሪቱ ያየችውን ለጎረቤት ብታወራ፣ ጉንዳን የምትልክ ቡዳ ናት ተባለ። አፏን ያዘች።

በሦስተኛው ዓመት ጉንዳኑ የይርሳውን ሱሪ ወረረው።

ይርሳውም በዚያ ሰሞን ውሃ አያረካውም፤ ከስቷል። ጓንጉል ለማግስቱ ተጠርቷል። ደብሪቱ ብትናገር ቡዳ ብለው ከአገር ያባርሯታል፤ ዝም ብትል ወንድሟን ይበጡባታል። ነገሩ ደግሞ ለራሷም አልገባት! ሲነጋ ግን የወንድሟን ሱሪና የአምስት ሽማግሌዎችን ልብስ ሰብስባ፣ ጓንጉል ምላጩን ሲስል ፊቱ ዘረጋችው። ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ጉንዳኑ መጣ፤ አምስቱን አልፎ በይርሳው ሱሪ ላይ ወጣ።

"ለምን እንደሆነ አላውቅም" አለች። "ጉንዳን የወጣበት ሰው ምላጭ ነክቶት ሲድን ግን አላየሁም። ወንድሜን አትንኩብኝ።"

ጓንጉል ተቆጣ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እነሱም ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ለጊዜው ይቆይ አሉ። ደብሪቱም ጉንዳን የሚወደው ጣፋጭ ነው ብላ ጠጁንም ማሩንም ከለከለችው፤ ገብስ አበላችው፤ የልብስ ሸክም አሸክማ ወንዝ ለወንዝ አመላለሰችው። ሲነጫነጭ ከረመ። ግን አልሞተም።

ከዚያ ወዲህ በዚያች መንደር ሰው ሲጠማውና ሲከሳ፣ ምላጭ ሳይነካው በፊት ልብሱን ሣር ላይ ያሰጡለታል። ለፍርድ የሚቸኩል ዳኛ ሲገጥማቸውም "እስኪ ለደብሪቱ ይሰጣ" ይሉታል።

እሷ ግን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለምን ይሆን እንዳለች ሞተች። የቀበራት ይርሳው ነው፤ ፀጉሩ ጥጥ መስሎ።