የይሁዳ አንድ ዓይን

አባቴ የሞተው ልጄ ክርስትና ልትነሳ ሳምንት ሲቀራት ነው። ስሙ ዘገየ ነበር፤ የሙዚየም ጥበቃ።

አንድ ቀን ሙዚየሙ የግጥም ውድድር አዘጋጀ። ተወዳዳሪው ከተሰቀሉት ሥዕሎች አንዱን መርጦ ይገጥምለታል፤ ያሸነፈው ግጥም ከሥዕሉ አጠገብ ይሰቀላል። አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት ጀርባውን ለሥዕሎቹ፣ ፊቱን ለጎብኚ ሰጥቶ የቆመ ሰው ነው። ግጥሙ እዚያ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ፈለገ። ሌላ ነገር እንደዚያ ሲመኝ አላየሁም።

የመረጠው የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር ማዕድ የቀረበበት። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይስሉታል፤ ክፉውን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። እዚያ ማዕድ ላይ በጎኑ የተሳለው ይሁዳ ብቻ ነው።

ዳኛው ዶክተር አምኃየስ ነበሩ፤ የማያውቁት ነገር የለም ይባላል። የቴሌቪዥን ካሜራ በሩ ጋ ስለቆመ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ሥዕሉ በቀኛቸው ቀረ።

አባቴ ተራው ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ አነበበ፦

«እጁ ከወጡ ላይ፣ ፊቱ ከሌላ ቤት፤
አንድ ዓይን ሰጡትና ባንዱ ፈረዱበት።»

ዶክተሩ ፈገግ አሉ።

«ጋሽ ዘገየ፣ ቤቱስ መቷል። ግን ሠዓሊው አንድ ዓይን የሳለው ሁለተኛውን ስላልቻለበት ነው። በሰው ስህተት ላይ ግጥም አይቆምም። ይቅርብን።»

«ስህተት አይደለም ዶክተር። ለመሆኑ ሥዕሉን አይተውታል?»

«ሳላየው ነው የምፈርደው? ከጠዋት ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጬ!»

«መቀመጡንስ ተቀምጠዋል» አለ አባቴ። «ግን ፊትዎ ለካሜራው ነው። ከሥዕሉ ላይ ሆኖ ለሚያይዎ፣ እርስዎም ያለዎት አንድ ዓይን ነው።»

ካሜራ ያዡ ሳይቀር ሳቀ፤ ማታ በዜና ሲታይ ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዶክተሩ ወንበራቸውን አዞሩ። ከሥዕሉ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ሐዋርያቱን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ «አሥራ አንዱም እኔን ነው የሚያዩት» አሉ። «ይሰቀል።»

አመሻሽ ላይ ሰዉ ወጣ። አባቴ በሩን ቆለፈና በዶክተሩ ወንበር ላይ፣ ፊቱን ወደ ሥዕሉ አድርጎ ተቀመጠ።